ጭነቱ ሲሄድ መሬቱ ለማን ይቀራል? ከጅቡቲ አሮጌ ወደብ እስከ አዳማ ባቡር ጣቢያ

የሀዲድ ልጅ

ትናንት ወደ ማታ በድሮው ባቡር ጣቢያ በኩል ሳልፍ እግሬ አልሄድ ብሎኝ ቆምኩ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጆንያ የተሸከመበት የዕቃ ማራገፊያ መድረክ አሁንም አለ። ጫፉ ላይ ያሉት ድንጋዮች በጆንያ መጎተት ብዛት ለስልሰው እንደ ወፍጮ መጅ ሆነዋል። በመዳፌ ዳሰስኳቸው። አባቴ በሕይወት ሳለ እጁን ስስመው ከዚያ ድንጋይ ይሻክር ነበር።

የጻፍኩት ግን ለትዝታ ብቻ አይደለም። ይህ መድረክ ብቻውን የቆመ አልነበረም፤ የጅቡቲ አሮጌ ወደብ ጅራት ነበር። መርከብ እዚያ ከከተማው አፍንጫ ሥር ያራገፈው ጨርቅ፣ ሲሚንቶና ብረት በፉርጎ ሽቅብ ወጥቶ እዚህ ይወርድ ነበር፤ ቡናና ቆዳ ደግሞ ቁልቁል ይወርዳል። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሀዲዱን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ተጀመረ፤ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ ገንዘብ አልቆ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። 784 ኪሎ ሜትር፣ የሀዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ። አዳማ ራሷ ከተማ የሆነችው በዚህ ሀዲድ ነው።

አሁን ሁለቱም ጫፎች ጭነት አጥተዋል። የጅቡቲ ዋና ጭነት ከከተማው ራቅ ብሎ ወደተሠራው አዲስ ወደብ ወደ ዶራሌ ተዛወረ፤ አሮጌውን ወደብ ቻይና መርቻንትስ ከተባለው ኩባንያ ጋር የንግድ ማዕከል ለማድረግ ታቅዷል። የእኛው ደግሞ እነሆ ሣር በቅሎበታል። ጭነቱ የሄደበትን መሬት ምን እናድርገው? ለማንስ ይሁን? ይህን ጥያቄ ከባለ ገንዘብ በፊት እዚያ የሠሩ ሰዎች ቢመልሱት ደስ ይለኛል።

ተሳቢ ነጂ

ልጄ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። እኔ የመንገድ ሰው ነኝ እንጂ የባቡር ሰው አይደለሁም፤ ግን አሮጌውን ወደብ እንደ ቤቴ አውቀዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት በ1978 ዓ.ም. በኤንትሬ ፊያት ላይ በረዳትነት ነው። ያኔ መንገዳችን አሰብ ነበር። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ አሰብ በአንድ ጊዜ ተዘጋና ሁላችንም ወደ ጅቡቲ ዞርን። የአንድ ትልቅ አገር ገቢና ወጪ በአንዲት ጠባብ ወደብ በር ላይ ተከመረ ማለት ነው። መኪና ከመኪና ተነካክቶ ቀናት እንቆም ነበር።

አሮጌው ወደብ ከከተማው ጋር አንድ ነው። ከበሩ ወጥተህ ጥቂት ስትራመድ ሻይ ቤት ነህ። ስንዴ የጫነ መርከብ ሲመጣ እህሉ ልቅ ነው፣ በጆንያ አልተሞላም፤ መርከቡ ጥግ ላይ ማሽን ተተክሎ እዚያው በጆንያ ይሞላል፤ አንዱ የጆንያውን አፍ ይይዛል፣ አንዱ በመስፊያ ማሽን ይሰፋል፣ ሌሎቹ በጀርባቸው ወደ መኪናው። የስንዴው አቧራ ከላባቸው ጋር ተጣብቆ ፊታቸው ሊጥ የተቀባ ይመስላል። እኩለ ቀን አልፎ ከእኛ አገር የሚሄደው ጫት ከተማ ሲገባ ደግሞ ያ ሁሉ ጩኸት በአንድ አፍታ ጭጭ ይላል። ጆንያ በትከሻው የተሸከመ ሰው እንኳ የተሸከመውን አድርሶ ይጠፋል። እኛም ከመኪናው ሥር ባለችው ጥላ ፍራሽ ዘርግተን እንጠብቃለን።

ዶራሌ ሌላ ዓለም ነው። ክሬን ሣጥኑን አንስቶ ተሳቢዬ ላይ ያስቀምጣል፣ አራቱ ማዕዘን ይቆለፋል፣ አለቀ። በደቂቃዎች ነው የምንወጣው። ከሰው ጋር ሳልነጋገር የወጣሁበት ቀን አለ። ለሥራው መልካም ነው፣ አልዋሽም። ያ የሚሸከመው ሕዝብ የት ሄደ ብዬ ግን ሁልጊዜ አስባለሁ።

ምሥራቅ በር

ባቡሩን የገደለው ቸልተኝነት ነው። የዘመን ለውጥ እያሉ ማለፍ አይገባም።

ከተማ ነዳፊ

ምሥራቅ በር፣ ግማሽ እውነት አለህ። እድሳቱ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ተጀምሮ ሳይጨረስ መቅረቱ፣ ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ክፍል ጸጥ ማለቱ ያሳዝናል። ጠባቡ ሀዲድ፣ ያረጁት ድልድዮችና ጥምዝምዙ መንገድ ግን ከባድ ጭነት የሚችሉ አልነበሩም። በጥር 1977 አዋሽ አጠገብ የሆነውን የሚያስታውሱ ታላላቆች እዚህ ይኖራሉ፤ ከ400 በላይ ሰው ያለቀው ባቡሩ ኩርባ ላይ ሲፈጥን ነው።

ትልቁ ገዳይ ግን ጋሽ ተሳቢ ነጂ የነገሩን ሣጥን ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1956 አይዲል ኤክስ የተባለች መርከብ 58 ኮንቴይነር ጭና ከአሜሪካ ኒውአርክ ወደ ሂዩስተን ሄደች። ያን ጊዜ ልቅ ጭነት በእጅ ሲጫን በቶን 5 ዶላር ከ86 ሳንቲም ይፈጅ ነበር፤ በዚያች መርከብ የወጣው 16 ሳንቲም እንኳ አልሞላም። ልብ በሉ፣ ያ የተረፈው 5 ዶላር ከሰባ ሳንቲም የማን ደመወዝ ነበር? የመርከበኛው ሳይሆን የተሸካሚው፣ የቆጣሪው፣ የሚዛን ያዡ፣ የመጋዘን ጠባቂው ነው። ወደብ በከተማ መሐል የሚኖረው ብዙ ሰው ስለሚፈልግ ነበር፤ ሰዉ ማለዳ በእግሩ መድረስ ነበረበት። ሣጥኑ ሲመጣ የሚያስፈልገው ሰው ሳይሆን ሜዳና ጥልቅ ውሃ ሆነ። ዶራሌ የኮንቴይነር ወደቡ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ሁለገቡ ወደብ በ2017 የተከፈቱት ከመሐል ከተማ ርቀው የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የእኛም ሞጆ ደረቅ ወደብ እንዲሁ፤ አዳማ ያወርድ የነበረው ዛሬ ሞጆ ይወርዳል።

በመላው ዓለም በከተማ መሐል ያሉ ብዙ ወደቦች በአንድ ትውልድ ዕድሜ የተዘጉት ለዚህ ነው። ለንደን ብቻ ብንወስድ ቅድስት ካትሪን እ.ኤ.አ. በ1968፣ ዌስት ኢንዲያ በ1980፣ ሮያል ዶክስ በ1981።

ከአዳማ የራቀ

ስለ ለንደን የተነሳው ልቤን ነካው፤ እኔ የምኖረው እዚያው ሮያል ዶክስ አጠገብ ነው። የተወለድኩት ግን ወንጂ ማዞሪያ ነው።

ለንደን እንደመጣሁ ሌሊት ሌሊት በድሮው ዌስት ኢንዲያ ወደብ ላይ በተሠራው የባንኮች ሰፈር፣ ካነሪ ዋርፍ፣ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ አጸዳ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ነበር። አንድ ሌሊት በመስኮቱ ወደ ታች እያሳየኝ «አባቴ ሙዝ ያወርድ የነበረው እዚያ ነው፣ መብራቱ ያለበት» አለኝ። አባቱ ጭነት ያወረደበት ቦታ ላይ ልጁ የሌላ ሰው ጠረጴዛ ይወለውላል። ቤት መጥቼ ለባለቤቴ ስነግራት እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። አሁን የሀዲድ ልጅን ሳነብ ገባኝ።

እ.ኤ.አ. በ1981 መንግሥት አንድ የልማት ድርጅት አቋቁሞ መሬቱን ከአካባቢው አስተዳደሮች እጅ ወሰደ። እስከ 1998 ድረስ ሠራ። የካነሪ ዋርፍ የመጀመሪያው ረጅም ሕንፃ በ1991 ቆመ። ሥራ መጥቷል፣ ብዙ ሥራ፤ ግን የባንክ ሥራ ነው። መርከብ ሲያራግፍ የኖረ ሰው በሃምሳ ዓመቱ የባንክ ሠራተኛ አይሆንም። የሰፈሩ ሰዎች ዝም አላሉም፤ በ1983 የራሳቸውን የሮያል ዶክስ የሕዝብ ዕቅድ ጽፈው አቅርበዋል፤ በወደቡ መሐል ሊሠራ የታቀደው አውሮፕላን ማረፊያ ቀርቶ ቤትና ሥራ እንዲቀድም ጠየቁ። ማረፊያው በ1987 ተከፈተ። አውሮፕላኑ በየቀኑ በጣሪያዬ ላይ ያልፋል።

ያ ዕቅድ ተሸንፏል። የሰፈሩ ሰው የሚፈልገውን አስቀድሞ በወረቀት ማስፈሩን ግን እዚህ ዛሬም በክብር ያነሱታል። እናንተም ጻፉት፤ ማንም ሳይጠይቃችሁ ጻፉት።

ባለ ሱቅ

ወንድሞቼ፣ እኔ የማስበውን ሳልሸፍን ልናገር። የጆንያ ሸክም ናፍቆት አይደለም። አያቴ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር፤ በአርባ ዓመቱ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎ ቀረ። አዳማ የሚያስፈልጋት ሥራ ነው። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ሆቴል ይጠባል፣ መንገዱ በተሳቢ ይዘጋል፣ በየዓመቱ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ልጅ ሥራ ፈትቶ ይውላል። በከተማዋ መሐል ያለ ሰፊ መሬት ሣር እያበቀለ ይቀመጥ ማለት ለልጆቻችን ጭካኔ ነው። ሕንፃ ይሠራበት፤ ሰው ይቀጠርበት። ድንጋዩን ከወደዳችሁት ሙዚየም አስገቡት።

የሀዲድ ልጅ

ባለ ሱቅ፣ ስለ ጉልበቱ ያልከውን ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። እውነት ነው። አባቴ የቀን ሠራተኛ ነበርና ጡረታ አልነበረውም፤ በመጨረሻው ዓመት ጀርባው ታጥፎ ሰማይ ማየት አይችልም ነበር። ሸክሙ ይመለስ አላልኩም፣ አልልምም።

የምለው ይህ ነው፦ ያ መሬት ዋጋ ያገኘው በእነዚያ ጀርባዎች ነው። ከተማዋ የተሰበሰበችው ጭነቱ ዙሪያ ነው፤ ሱቁ፣ ጋሪው፣ ምግብ ቤቱ፣ የጋሪ ፈረስ ጫማ የሚመታው ሳይቀር። ዛሬ በመሬቱ ላይ ምን ይሠራ ሲባል የተሸካሚ ልጅና የሻይ ሻጭ ልጅ በር ላይ ዘበኛ ከመሆን ያለፈ ድርሻ ሊኖራቸው ይገባል። «ሙዚየም አስገቡት» የሚለው ነው ያልተዋጠልኝ። ድንጋዩ የለሰለሰው እዚያ ቦታ ላይ፣ በዚያ ከፍታ፣ ከፉርጎው ወለል ጋር እኩል ሆኖ ስለተቀመጠ ነው። ከዚያ ብታነሳው ማንኛውም ድንጋይ ነው።

የጣቢያዋ ሻይ

ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፤ እኔ እየነገርኳት። ዕድሜዬ ሰባ አልፏል።

ባቡር ማታ ሲመጣ ከሩቅ የሚሰማው ፊሽካው አይደለም፤ መሬቱ ነው። ብርጭቆዎቼ በትሪው ላይ መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ከሰል እጨምራለሁ። ባቡሩ እስኪቆም ሻዩ ይፈላል። ከድሬዳዋ የመጡት ሴቶች ጨርቅ በወገባቸው ጠቅልለው፣ ጅቡቲ የሠሩ ወንዶች ሬዲዮ ታቅፈው ይወርዳሉ፤ እኛ ደግሞ በመስኮት ቲማቲም፣ ሸንኮራ፣ የተቀቀለ ዕንቁላል እናቀብላለን። ተሸካሚዎቹ ሒሳብ የሚከፍሉኝ ቅዳሜ ነበር። በከሰል ግድግዳ ላይ ጭረት እጭራለሁ፤ ለአንድ ብርጭቆ አንድ ጭረት። አንድም ሰው ጭረቱን አልካደኝም።

ባቡሩ ከቆመ በኋላም እዚያው አጥር ሥር ሻይ መሸጥ አላቆምኩም። አንድ ቀን ከአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው ቦታው ለልማት ይፈለጋል፣ በሳምንት ውስጥ ልቀቁ፣ ምትክ ይሰጣችኋል አሉን። ለቀቅን። ስማችን በወረቀት ተጻፈ፤ አሥራ አራት ሴቶች ነበርን። ምትኩ አልመጣም፤ ልማቱም አልመጣም። ዛሬ እዚያ የሚታየው የፈረሰው ምድጃዬ ድንጋይ ነው። እኔ አሁን ቤቴ ነኝ፣ ልጆቼ ይጦሩኛል፤ ግን ከአሥራ አራቱ ስድስቱ ሞተዋል፤ ያን ወረቀት ሲጠብቁ።

ሕንፃ አልጠላም። ሕንፃ ሲሠሩ አንድ ጥላ ያስቀሩ።

ምሥራቅ በር

እትዬ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎ። ከዚህ በፊት በቁጣ ነበር የጻፍኩት፤ አሁን የምለው ጠፋኝ።

ከተማ ነዳፊ

እናቴ የነገሩን ለእኔ ከተማርኩት ሁሉ በላይ ነው። ሁለት ቦታዎችን ልጥቀስና ከዚያ ወደ አዳማ ልመለስ።

የሊቨርፑሉ አልበርት ዶክ እ.ኤ.አ. በ1846 ተከፈተ። መጋዘኖቹ እሳት እንዳይበላቸው ያለ እንጨት፣ በብረት፣ በጡብና በድንጋይ የተሠሩ ናቸው። በ1972 ተዘጋ፤ የወደቡ የውሃ ገንዳ በደለል ተሞልቶ ለዓመታት ቆየ። ማፍረስ ርካሽ መስሎ የታያቸው ብዙዎች ነበሩ። አላፈረሱትም፤ ደለሉን አውጥተው፣ ምሰሶና ጣሪያውን ጠብቀው፣ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያና ቤተ መዘክር አድርገው በ1988 በይፋ መረቁት። ያ ከተማ የበለጸገበት አንዱ ንግድ የአፍሪካውያን ባርነት ስለነበረ፣ በ2007 ስለ ባርነት የሚያስተምር ቤተ መዘክር እዚያው ወደቡ ላይ ከፈቱ። በጎውን ብቻ አላስቀሩም። በሌላ በኩል ይኸው ከተማ በ2004 ያገኘውን የዓለም ቅርስነት በ2021 አጥቷል፤ ከአልበርት ዶክ ወደ ሰሜን ባሉት ወደቦች ላይ የተፈቀዱት አዳዲስ ግንባታዎች፣ የኤቨርተን እግር ኳስ ሜዳን ጨምሮ፣ የቦታውን መልክ ለውጠዋል ተብሎ ነው። የከተማው ሰዎች ዛሬም በዚህ ይከራከራሉ፤ ሥራና ቤት ይቅደም የሚሉት እንደ ባለ ሱቅ ያሉ ቅን ሰዎች ናቸው።

ቅርባችን ያለው ደግሞ አዲስ አበባ ለገሃር ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በ36 ሄክታር ላይ ከአቡ ዳቢው ኢግል ሂልስ ጋር ፕሮጀክቱ ሲጀመር፣ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የጣቢያ ሕንፃ እንደሚጠበቅና ነዋሪዎቹም እዚያው እንደሚሰፍሩ ተነግሯል። ለእኔ ትልቁ ነገር ሁለተኛው ነው፤ ሕንፃ ጠብቆ ሰውን መበተን ግማሽ ሥራ ነው።

ለአዳማ የምለው፦ ከሀዲዱ ሥፍራ የሚጀምር ዕቅድ ይሁን። ያ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሀዲድ በከተማዋ መሐል ቀጥ ብሎ የሚያልፍ፣ ዳገት የሌለው መስመር ነው። እንዲህ ያለ መስመር ዛሬ በገንዘብ ልግዛ ብትል አታገኘውም፤ ቤት ማፍረስ ይጠይቃል። ለእግረኛና ለብስክሌት ጥላ ያለው መንገድ ይሁን። መድረኩ እንዳለ ይቆይና በላዩ ጣሪያ ተዘርግቶበት ገበያ ይሁን፤ የዕቃ መድረክ ከፍታው ከጭነት መኪና ወለል ጋር ስለሚገጥም ለአትክልት ማውረጃ የተፈጠረ ነው። ሕንፃው ከኋላ ይቁም፣ ባለ ሱቅ እንዳለው ሰው ይቀጠርበት። የመጀመሪያዎቹ አሥራ አራት ቦታዎች ደግሞ የእነማን እንደሆኑ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።

ባለ ሱቅ

ይህን እቀበላለሁ። መድረኩ ለአትክልት ማውረጃ ይሆናል ያልከው ከመርቲና ከወንጂ አካባቢ የሚመጣው ቲማቲም ዛሬ መሬት ላይ እየተደፋ ስለሚበላሽ ትክክል ነው። እኔ ራሴ ነጋዴ ሆኜ ይህ አልታየኝም ነበር። የአሥራ አራቱን ሴቶች ጉዳይ ግን ሌላ ነገር ሁሉ ሳይቀድመው ይፈጸም እላለሁ።

ተሳቢ ነጂ

እኔ አንድ ልጨምር። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በ2010 ሥራ ሲጀምር የአዳማ ጣቢያው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። ፈጣን ነው፣ ሰፊ ሀዲድ ነው፣ ከዶራሌ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ግን ከባቡር የወረደ ሰው ከተማ ለመግባት መኪና ይፈልጋል። ድሮ ከባቡር ስትወርድ ከተማው ውስጥ ነህ። ስለዚህ አሮጌው ጣቢያ ወደ አዲሱ የሚያደርስ አውቶቡስ መነሻ ቢሆን መልካም ነው።

ሌላው የእኛ ነገር ነው። ሾፌር አዳማ ሲያድር መንገድ ዳር ነው የሚያድረው። መታጠቢያ የለም፣ ሽንት ቤት የለም። በከተማው መሐል መኪና ይቁም አልልም፤ ከከተማ ውጭ ይሁን። ግን ስለ ጭነት ታሪክ ሲነሳ፣ ጭነቱ ዛሬም በእኛ ጀርባ ላይ እንዳለ አትርሱ። ተሸካሚው አልጠፋም፤ ጎማ አበጀ እንጂ።

ከአዳማ የራቀ

ጋሼ፣ ይህን የመጨረሻውን ቃል ገልብጬ ለባለቤቴ አነበብኩላት። እባካችሁ የሽማግሌዎቹን ድምፅ ቅዱ። እዚህ የወደብ ሠራተኞች ትዝታ በድምፅ ተቀድቶ ይገኛል፤ አብሮኝ ያጸዳ የነበረው ሰውዬ ግን ሳይጠየቅ ሞቷል።

የሀዲድ ልጅ

የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት መድረኩ ላይ እንገናኝ። ከተማ ነዳፊ ሜትርና ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ መድረኩን፣ ሀዲዱን፣ የቀሩትን ግድግዳዎች ለክተን እንሥላለን። ባለ ሱቅ ከነጋዴዎቹ ሦስት ሰው አመጣለሁ ብሏል። ጋሽ ተሳቢ ነጂ ከመንገድ ከተመለሱ ድምፃቸውን እንቀዳለን። የሰፈሩ ሰው የሚፈልገው በሁለት ገጽ ይጻፋል፤ አሥራ አራቱ ስሞች ከላይ ይሆናሉ፣ የሞቱትም ጭምር፣ ለልጆቻቸው። ከዚያ ለሚመለከተው ሁሉ ፈርመን እናስገባለን።

እኔ አባቴ ጆንያ ይስብበት የነበረውን ሜንጦ ይዤ እመጣለሁ። እጀታው ላይ አውራ ጣቱ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዷል፤ ልጄ ጣቱን ሲያስገባበት ልክ አልሆን አለው።

የጣቢያዋ ሻይ

ቅዳሜ ትሪዬን ይዤ እመጣለሁ። ከሰል የሚሸከምልኝ አንድ ልጅ ላኩ። ስንት ሰው እንደምትሆኑም ንገሩኝ፤ ብርጭቆ ያለኝ ሃያ ብቻ ነው።